አውቶማቲክ ማስክ እያለው ብየዳ ለምን መታው?



ባለፈው ክረምት ለዘመድ ጥየቃ እንሴኖ ወርጄ ነበር። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ገደማ በር ተንኳኳ። የጎረቤት ልጅ ነው፣ በያጅ። እናቱ እጁን ይዘው እየመሩ አመጡት። ሁለቱም ዓይኖቹ ላይ የተቆረጠ ድንች በሻሽ ታስሯል፣ እንባው ይወርዳል። "ዶክተር፣ አሸዋ የሞላበት ነው የሚመስለኝ" አለኝ። ብየዳ እንደመታው ወዲያው ገባኝ። ቀጥሎ ያለኝ ነገር ግን አስገረመኝ፦ "ማስክ አለኝ እኮ! አውቶማቲኩን ነው ከመርካቶ ያስመጣሁት።"

ብየዳ መታኝ የምንለው በሽታ ቃጠሎ ነው። ከኤሌክትሮዱ ጫፍ የሚወጣው አልትራቫዮሌት ጨረር ኮርኒያ የሚባለውን የዓይናችንን የፊተኛ ግልጽ ክፍል ላዩን ያቃጥለዋል። ተንኮሉ ወዲያው አለማመሙ ነው። ሕመሙ ብዙውን ጊዜ ከ6 እስከ 12 ሰዓት ቆይቶ ነው የሚመጣው። ስለዚህ ሰውዬው ቀኑን ሲሠራ ይውላል፣ እራቱን በልቶ ይተኛል፣ ሌሊት ይጮኻል።

ድንቹን አንስቼ ዓይኑን በንጹሕ ውሃ አጠብኩለት። የሕመም ማስታገሻና የዓይን ቅባት ሰጥቼ ጨለም ያለ ክፍል እንዲተኛ ነገርኩት። "ጓደኛዬ የሚያደነዝዝ ጠብታ አለው፣ እሱን ላድርግ?" ሲለኝ ግን አይሆንም አልኩት። በዚህ ጉዳይ አልደራደርም! የማደንዘዣ ጠብታ ለደቂቃዎች ያሳርፋል፣ ደጋግመው ቤት ውስጥ ሲጠቀሙበት ግን ቁስሉ እንዳይድን ያደርጋል፣ ኮርኒያውን እስከማበላሸትም ይደርሳል።

ሲሻለው ወደ ሥራ ቦታው ሄድኩ። ማስኩን እንዴት እንደሚጠቀም ማየት ፈልጌ ነበር። የላሜራ በር እየሠራ ነው። ጠረጴዛ ላይ ሲበይድ ማስኩ ጥሩ ይሠራል። ጎንበስ ብሎ የፍሬሙ ጥግ ውስጥ ሲገባ ግን ብልጭ ድርግም ይልበታል፣ በጎን ሲያይ ደግሞ ብርሃኑ ይበረታበታል። "እንዲህ ሲያስቸግርህ ምን ታደርጋለህ?" አልኩት። ሳቅ አለ። "አወልቀዋለሁ፤ ፊቴን ዞር አድርጌ ሁለት ሦስት ነጥብ ብቻ..." በቃ፣ የመታው እዚያ ላይ ነው።

የማስኩን ጠባይ ለመረዳት መስታወቱን ማወቅ ያስፈልጋል። ውስጡ ያለው ሊኩዊድ ክሪስታል ነው፤ የብዙዎቻችን ቴሌቪዥንና ላፕቶፕ ስክሪን የሚሠራበት ዓይነት ነገር። እንደ ፈሳሽ ይፈሳል፣ ሞለኪውሎቹ ግን እንደ ወታደር ይሰለፋሉ። በ1888 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ያስተዋለው ፍሪድሪክ ራይኒትዘር የተባለ ኦስትሪያዊ የዕፅዋት ተመራማሪ ነው፣ ከካሮት የተገኘ ኮሌስትሮል ሲመረምር (አዎ፣ ያው ሐኪም ቀንሱ የሚላችሁ ኮሌስትሮል)። የብየዳው ብርሃን ማስኩ ላይ ያሉትን ሴንሰሮች ሲመታ በፈሳሹ ላይ ያለው ኤሌክትሪክ ይቀየራል፣ ሞለኪውሎቹ አሰላለፋቸውን ይለውጣሉ፣ መስታወቱም ይጠቁራል። ጥሩ ማስክ ይህን ለማድረግ የሰከንድ አሥር ሺህኛ እንኳ አይፈጅበትም።

ሞለኪውሎቹ ግን እንደ ዱላ ረዘም ረዘም ያሉ ናቸው። በመስመር የተዘራ በቆሎ አስቡ። በመስመሩ ትይዩ ስትቆሙ የሚታያችሁና አንድ እርምጃ ወደ ጎን ስትሉ የሚታያችሁ አንድ አይደለም። ብርሃንም እንደዚሁ ነው፤ ፊት ለፊት ሲመጣ የታገደው ሰያፍ ሲመጣ ሾልኮ ያልፋል። ርካሽ ላፕቶፕ ስክሪኑን ወደ ኋላ ስትገፉት ቀለሙ የሚገለባበጠው በዚሁ ምክንያት ነው። ብልጭ ድርግም የሚለው ደግሞ ሌላ ነገር ነው፦ ጥግ ውስጥ ብረቱ ወይም የራሱ ክንድ ሴንሰሩን ይጋርደዋል። ሁለት ሴንሰር ብቻ ያለው ማስክ ላይ ይህ ይብሳል፣ አራት ያለው ይሻላል።

ስትገዙ መስታወቱ ላይ እንደ 1/1/1/2 ያለ ጽሑፍ ፈልጉ። አራተኛው ቁጥር የማዕዘን ነው። 1 ከሆነ በሰያፍ ሲታይ የጥቁረቱ ልዩነት ከአንድ ደረጃ አይበልጥም፤ 3 ከሆነ እስከ ሦስት ደረጃ ሊሄድ ይችላል። አንድ ደረጃ ማለት ደግሞ ወደ 2.7 እጥፍ ብርሃን ነው፣ ቀላል እንዳይመስላችሁ። ለተለመደው የበርና መስኮት ሥራ ጥቁረቱን 10 ወይም 11 ላይ አድርጉት።

አንድ የሚያጽናና ነገር ልንገራችሁ። በትክክል በተሠራ ማስክ ላይ አልትራቫዮሌቱን የሚያግደው ሌላ ንጣፍ ነው፤ መስታወቱ ጠቆረም አልጠቆረም ሁልጊዜ ይሠራል። ስለዚህ ብልጭ ቢልባችሁም አታውልቁት። ብረት የሚይዝላችሁ ልጅም የራሱ መከላከያ ይኑረው፣ የፀሐይ መነጽር ለዚህ አይሆንም።

የሚያመው አንድ ዓይን ብቻ ከሆነ፣ ግራይንደር ስትጠቀሙ ብረት ገብቶ ሊሆን ስለሚችል አትቆዩ። በ2 ቀን ካልተሻላችሁ ወይም እይታችሁ ከደበዘዘም ወደ ዓይን ሐኪም ሂዱ። ለእንሴኖና ለአካባቢው ሰው ቡታጅራ ላይ የግራርቤት የዓይን ሕክምና ቅርብ ነው።

የልጁን ማስክ አገላብጬ ሳየው አራተኛው ቁጥር 3 ነበር። ለጥግ ሥራ አባቱ ይጠቀሙበት የነበረውን፣ ጥቁር መስታወት ያለውን አሮጌ የእጅ ማስክ ከመደርደሪያ አውርዶ አሳየኝ። ሴንሰርም ባትሪም የለው። እንዲህ ያለው መስታወት በሰያፍ ሲታይ ብርሃኑ የሚያልፍበት ውፍረት ስለሚጨምር ይባስ ይጠቁራል እንጂ አይሳሳም። አቧራውን በእጅጌው ጠረገና "እሱን ልጥለው ነበር እኮ ዶክተር" አለኝ።