ያውቁ ኖሯል? የሣር ክዳን መንደር እና የእሳት ጠባቂዎቿ

በጃፓን ጊፉ ግዛት፣ በተራሮች መካከል የምትገኘው የኦጊማቺ መንደር በሣር ክዳን ቤቶቿ ትታወቃለች። ከአንድ ጣሪያ የሚነሣ እሳት መንደሩን በሙሉ ሊያዳርስ ስለሚችል፣ እሳትን መጠበቅ የሁሉም ነዋሪ ኃላፊነት ነው።

• በጃፓን ነዋሪዎች ተደራጅተው እሳትን የመከላከል ልማድ ሥሩ ሩቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1720 በኤዶ፣ በዛሬዋ ቶኪዮ፣ ነዋሪዎች በየሰፈራቸው እሳት የሚያጠፉ ቡድኖች ሆነው ተደራጁ። በ1894 የወጣ ደንብ በመላ አገሪቱ ያሉትን ቡድኖች አንድ ወጥ ሥርዓት አስያዛቸው። በ1947 ደግሞ «ሾቦዳን» በሚል ስም እንደ አዲስ ተቋቋሙ። አባላቱ የየራሳቸው መተዳደሪያ ያላቸው ሰዎች ሲሆኑ፣ እሳት ሲነሣ ሥራቸውን ጥለው ይደርሳሉ።

• በኦጊማቺ 59 የውሃ መርጫዎች ተተክለዋል። ብዙዎቹ የሣር ክዳን ቤት በሚመስሉ ትናንሽ መጠለያዎች ውስጥ ተሸሽገዋል። ውሃው ከመንደሩ በላይ ካለ ማጠራቀሚያ ቁልቁል ስለሚወርድ፣ ግፊቱን የሚያገኘው ያለ ሞተር ነው።

• በየዓመቱ ቅጠል በሚረግፍበት ወቅት መርጫዎቹ ለልምምድ በአንድነት ይከፈታሉ። ውሃው ከጣሪያዎቹ በላይ ተወርውሮ መንደሩን እንደ መጋረጃ ይሸፍነዋል።

• ነዋሪዎቹ በየዕለቱ ተራ ገብተው መንደሩን እየዞሩ «ከእሳት ተጠንቀቁ» ሲሉ ያሳስባሉ። ጣሪያውንም የሚያድሱት እንደ ወንፈል ተረዳድተው ነው። መንደሯ እ.ኤ.አ. በ1995 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግባለች።