ሁለት ኮምፓይለር፣ አንድ ትእዛዝ

ሊኑክስ ላይ ሆኖ ለዊንዶውስ የሚሆን ፕሮግራም የሚያወጣ ኮምፓይለር ክሮስ-ኮምፓይለር ይባላል። በደቢያን ሊኑክስ ይህን ሥራ የያዘው ሚንጂደብሊው-ደብሊው64 ነው። ፕሮጀክቱ በ2007 ባለ64 ቢት ዊንዶውስን ለመደገፍ ከቀድሞው ሚንጂደብሊው ተለይቶ የወጣ ሲሆን፣ አሮጌው ተሰናብቶ እስኪወጣ ድረስ ሁለቱም በደቢያን ውስጥ ጎን ለጎን ነበሩ።

እንዲህ ያሉ ተፎካካሪ ፓኬጆችን ለምንንከባከብ ሰዎች የሚቀርበው ጥያቄ ብዙውን ጊዜ «የትኛው ይሻላል?» የሚል ነው። እኔ የማስቀድመው ሌላ ነው፦ ተጠቃሚው ትእዛዙን ሲጽፍ የትኛው እንደሚመጣለት ያውቃል ወይ?

የደቢያን ደንብ በዚህ ላይ ጥብቅ ነው። የተለያየ ሥራ የሚሠሩ ሁለት ፓኬጆች በአንድ የፋይል ስም ፕሮግራም መጫን አይችሉም። የአሮጌው ትእዛዞች በአይ586፣ የአዲሱ ባለ32 ቢት ትእዛዞች ደግሞ በአይ686 ስለሚጀምሩ ሁለቱ በአንድ ማሽን ላይ ሳይጋጩ ይቀመጡ ነበር። እንዲህ ያለ አሮጌ ፓኬጅ ሲወገድ በቀድሞው ስም ወደ አዲሱ የሚያመለክት ማያያዣ ማስቀመጥ ደግነት ይመስላል። ነገር ግን የሁለቱ ሄደሮችና የሲ ላይብረሪ ድጋፍ አንድ አይደሉም። ተጠቃሚው በለመደው ስም ያልለመደውን ነገር ይቀበላል፤ ልዩነቱንም ፕሮግራሙ ደንበኛው ዘንድ ሲበላሽ ያገኘዋል። «ትእዛዙ የለም» የሚል ስህተት ከዚህ እጅግ ይሻላል፤ ቢያንስ የት መፈለግ እንዳለበት ይነግረዋል።

ፉክክሩ በአዲሱ ፓኬጅ ውስጥም አለ። ጂሲሲ ከተባለው ኮምፓይለር አንድ ኮድ በትሬድ አያያዝ የሚለያዩ ሁለት ዓይነቶች ይወጣሉ፦ ፖዚክስ እና ዊን32። እስከ ጂሲሲ 12 ድረስ የሲ++11 ትሬዶች የሚሠሩት በፖዚክሱ ብቻ ነበር፤ ዊን32 ይህን ያገኘው በጂሲሲ 13 ነው። በሌላ በኩል ፖዚክሱ ዊንፒትሬድ የተባለውን ላይብረሪ ይፈልጋል፤ ከፕሮግራሙ ጋር ካልተዋሃደ ዲኤልኤሉ አብሮ መላክ አለበት። አንዱን መርጠን ሌላውን ብንጥል የግድ የሚጎዳ ሰው ይኖራል። ስለዚህ ሁለቱም ቅጥያ ባለው ስም ይጫናሉ፤ ቅጥያ የሌለው ስም የትኛውን እንደሚጠራ የሚወስነው የደቢያን የአማራጮች ሥርዓት ነው።

ይህ መቀያየሪያ ግን የማሽኑ አስተዳዳሪ ምርጫ እንጂ የፕሮጀክቱ አይደለም። ያው ስክሪፕት በሁለት ኮምፒውተሮች ላይ የተለያየ ፕሮግራም ሊያወጣ ይችላል። ስለዚህ ለሚጠይቁኝ ሁሉ የምመክረው አንድ ነው፦ በስክሪፕታችሁ ውስጥ ሙሉውን ስም ከነቅጥያው ጻፉ። እኛ ፓኬጅ ተንከባካቢዎችም ያ ሙሉ ስም ሁልጊዜ አንድን ኮምፓይለር ብቻ እንዲጠራ የማድረግ ግዴታ አለብን። ማስወገድ ሲያስፈልግም በፓኬጁ የሚጠቀሙት ሌሎች ፓኬጆች በሙሉ ወደ አዲሱ ከተሻገሩ በኋላ፣ አስቀድመን አሳውቀን ይሁን።