ኦሞ ብሔራዊ ፓርክን ለመጎብኘት፦ ተረቱና እውነታው

ከሚዛን ከተማ ተነስቶ በቡናው አገር ወደ ደቡብ የዘለቀ መንገደኛ የማጂ ወረዳ ከተማ የሆነችውን ቱምን ያገኛል። ከማጂ ተራሮች ቁልቁል ሲወረድ ነፋሻው ደጋ ያበቃና ሞቃቱ የኦሞ ቆላ ይጀምራል። በኦሞ ወንዝ ምዕራባዊ ዳር በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የተመሠረተው ኦሞ ብሔራዊ ፓርክ ያለው እዚያ ነው፤ ስፋቱ 4,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው ሲባል ኖሯል። ስለዚህ ፓርክ በከተማ የሚወራው ብዙ ነገር ጎብኚውንም አራዊቱንም ይጎዳልና ማረም ያስፈልጋል።

ተረት፦ «ትልልቅ አራዊት ማየት የፈለገ ኬንያ ይሂድ።»

እውነታ፦ ጎሽ፣ ዝሆን፣ አንበሳ፣ ነብር፣ ቀጭኔ፣ የሜዳ አህያ፣ ቆርኬና ኢላንድ የዚህ ፓርክ ነዋሪ ሆነው ተመዝግበዋል። የአዕዋፉ ዝርያ ከ300 ይበልጣል። ልዩነቱ ቁጥራቸውና ጠባያቸው ላይ ነው። በ20ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ማጂ የዝሆን ጥርስ፣ የጠመንጃና የባሪያ ንግድ የደራባት ነበረች። ከዚያ ወዲህም አደኑ አልቆመም። በዚህ ምክንያት የኦሞ አራዊት ሰው ይሸሻሉ፤ እንደ ኬንያው ማሳይ ማራ አራዊት መኪና አጠገብ ቆመው አይጠብቁም።

ተረት፦ «ከፍለን እስከገባን ድረስ አንበሳ ሳናይ አንመለስም።»

እውነታ፦ አንበሳ የቀኑን አብዛኛውን ሰዓት ተኝቶ ያሳልፋል፤ ረጅም ሣር ውስጥ ከተኛ ደግሞ በአሥር ሜትር ርቀት ታልፎም ላይታይ ይችላል። አንበሳ አሳያችኋለሁ ብሎ ቃል የሚገባ አስጎብኚ በእጁ የሌለውን ይሸጣል። ጥሩ መሪ የሚያሳየው ሌላ ነው፦ የሌሊቱን ኮቴ፣ ትኩስ ፋንድያ፣ ጥንብ አንሳ የሚዞርበትን ሰማይ፣ ቆርኬዎች ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ ያፈጠጡበትን ምክንያት። ለዚህ የሚመቸው ሰዓት ጎህ ሲቀድና ጀምበር ስታዘቀዝቅ ነው። እኩለ ቀን ላይ አራዊቱ ጥላ ሥር ናቸው።

ተረት፦ «ሐምሌና ነሐሴን ካለፍን ሁሉም በጋ ነው።»

እውነታ፦ የደጋው የወቅት አቆጣጠር እዚህ አይሠራም። በታችኛው ኦሞ ዋናው ዝናብ የሚጥለው ከመጋቢት እስከ ግንቦት ነው፤ በጥቅምትና በኅዳር ደግሞ አነስተኛ ዝናብ ይመለሳል። ለፋሲካ ዕረፍት የወረደ ጎብኚ መኪናው ጥቁር ጭቃ ውስጥ ሊቀበር ይችላል። የሚሻለው ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ያለው ወቅት ነው፤ ሣሩ ይሳሳል፣ ኩሬው ይደርቃል፣ አራዊቱም ወደ ቀረው ውኃ ይሰበሰባሉ።

ተረት፦ «ስካውት ጠመንጃ ከመሸከም በቀር ሥራ የለውም።»

እውነታ፦ የስካውቱ፣ ማለትም የፓርኩ ጠባቂ፣ ትልቁ ሥራ ጠመንጃው እንዳያስፈልግ ማድረግ ነው። ጉማሬ ሌሊት ሣር ሲግጥ አድሮ ማለዳ ወደ ወንዙ ይመለሳል፤ በእሱና በውኃው መካከል የቆመ ሰው ሕይወቱ አደጋ ላይ ነው። ብቻውን የሚውል ሽማግሌ ጎሽ ሳይታሰብ ይወጋል። ከአንበሳ ፊት መሮጥ አዳኝነቱን መቀስቀስ ነው፤ ፊትን ሳያዞሩ ቀስ ብሎ ማፈግፈግ ይሻላል። ነፋሱ ከየት እንደሚነፍስ፣ የትኛውን ቁጥቋጦ መጠጋት እንደማይገባ የሚያውቀው ስካውቱ ነው። «ቁም» ሲል መቆም ግዴታ ነው።

ተረት፦ «የቆላ ዝንብ የሚጎዳው ከብትን ብቻ ነው።»

እውነታ፦ ዝንቡ ለከብት ገንዲን እንደሚያመጣ ሁሉ በሰው ላይ የእንቅልፍ በሽታን ያስተላልፋል። በሽታው በ1960ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ታይቶ ነበር፤ ከብዙ ዓመታት ዝምታ በኋላም በ2022 (እ.ኤ.አ.) በደቡብ ኢትዮጵያ ሕሙማን ተገኝተዋል። ሰማያዊና ጥቁር ልብስ ዝንቡን ይስባል፤ ደብዘዝ ያለ ቀለም ያለው ወፍራም ልብስ ይለበስ። ዝንቡ የሚንቀሳቀስ መኪናን ስለሚከተል መስኮት ይዘጋ። ከጉዞ በኋላ የሚያተኩስ ሁሉ ወባ ብቻ አይደለምና የት እንደነበሩ ለሐኪም ይንገሩ።

ተረት፦ «ፓርኩ ባዶ ዱር ነው፤ ነዋሪው የአራዊት ጠላት ነው።»

እውነታ፦ ከተረቶቹ ሁሉ ከባዱ ይህ ነው። ሱሪ፣ ሙርሲ፣ ሜኤን፣ ኛንጋቶምና ዲዚ ከፓርኩና ከዙሪያው ጋር የተሳሰረ ኑሮ ያላቸው ሕዝቦች ናቸው። በደቡባዊው ዳርቻ ኪቢሽ ላይ በ1967 (እ.ኤ.አ.) የተገኘው የሰው ቅሪተ አካል ዕድሜ በ2022 በተደረገ ጥናት ከ230,000 ዓመት የሚያንስ እንዳልሆነ ተገምቷል። ሰው በዚህ ምድር እንግዳ አይደለም። አርብቶ አደሩ አሮጌ ሣር ሲያቃጥል የሚበቅለው ለጋ ሣር ለከብቱም ለቆርኬውም ግጦሽ ነው። አደን እንዳለ እውነት ነው፤ ግን ነዋሪውን ወደ ጎን የተወ ጥበቃ እንደማይጸና በ2005 (እ.ኤ.አ.) የፓርኩ ወሰን ሲከለል የተነሳው ውዝግብ አሳይቷል። በዚያው ዓመት አስተዳደሩን የተረከበው አፍሪካን ፓርክስ የተባለ ድርጅትም ብዙ ሳይቆይ ከአገር ወጥቷል።

ስለዚህ ወደ ኦሞ የምትወርዱ ሁሉ አደራ፦ ስለ መንገዱና ስለ ጸጥታው አስቀድማችሁ በቱም ጠይቁ። የአካባቢውን ልጅ በአስጎብኚነት ቅጠሩ። ሰው ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት ፈቃዱን ጠይቁ። አንበሳ ካልታየ ብላችሁ ሾፌሩን ከመንገድ ውጪ አታስነዱ። አራዊቱ የሚተርፉት አብሯቸው የሚኖረው ሕዝብ ከመኖራቸው ሲጠቀም ነው፤ ያንን ጥቅም ማድረስ ደግሞ የጎብኚው ድርሻ ነው።