ዳማ ቀለም ሳሎን ሲገባ

ቀለም ቀቢው የቆርቆሮውን ክዳን በካቻቢቴ ፈልቅቆ ወደ ውስጥ ጎንበስ አለ፤ ቀና ሲል ፊቱ ላይ ጥርጣሬ ነበር።

«እትዬ፣ ይሄ የበር ቀለም አይደለም እንዴ?»

እንዲህ ቢል አይፈረድበትም። ብየዳ ቤቶች ደጃፍ ተደርድረው ገዢ የሚጠብቁት የብረት በሮች የሚለብሱት፣ አንቲረስት የምንለው ቀለም መልኩ ይኸው ነው፤ ቀይ እንዳይባል ይጠቁራል፣ ቡኒ እንዳይባል ይቀላል። ከዚያም በፊት ብዙዎቻችን የምናውቀው ከወለል ላይ ነው። በልጅነቴ የቤታችን ወለል ቀይ ሊሾ ነበር። ቅዳሜ ጠዋት ሰም ተቀብቶ በጨርቅ ሲታሽ መስኮቱ ወለሉ ላይ ተኝቶ ይታየን ነበር፤ ለበዓል የለበስነው ነጭ ካልሲ ደግሞ እስከ ከሰዓት መረገጫው ቀልቶ ያሳጣን ነበር። ስለዚህ ለቀቢው ይህ ቀለም የሚረገጥ ወይም የሚቆለፍ ነገር ላይ የሚውል እንጂ እንግዳ የሚቀመጥበት ክፍል ግድግዳ ላይ የሚወጣ አልነበረም።

ቀለም መሸጫዎች ውስጥ ካታሎግ ስታገላብጡ ስሙ ይበዛል፤ ቴራኮታ፣ ብሪክ፣ ማሆጋኒ። እ.ኤ.አ. በ2015 ፓንቶን የተባለው የአሜሪካ የቀለም ድርጅት ወደ ወይን ጠጅ የሚያደላውን የዚህን ቀለም ዘመድ ከአንድ የሲሲሊ ወይን ስም ተውሶ «ማርሳላ» ብሎ የዓመቱ ቀለም አድርጎት ነበር። እኛ ግን ከሲሲሊ ስም መበደር አያስፈልገንም ነበር። ፈረስ የሚያውቅ ሰው ዳማ ሲባል የትኛው እንደሆነ ወዲያው ይገባዋል፤ የሰውንም መልክ ቀይ ዳማ እያልን ስናሞግስ ኖረናል። እኔም ሱቁ ቆርቆሮው ላይ የጻፈውን ቁጥር ትቼ ዳማ እለዋለሁ።

ዳማ ቀለም፣ ሌላ ሌላው ሲገፈፍ፣ ዝገት ነው። ኬሚስቶች ሄማታይት የሚሉት የብረትና የኦክስጅን ውሁድ ነው መልኩን የሚሰጠው፤ የጅማና የወለጋን አፈር የሚያቀላውም ይኸው የብረት ኦክሳይድ ነው። በሩን ከዝገት ይጠብቅልን ብለን የምንቀባው አንቲረስት ራሱ የደቀቀ ዝገት የተበጠበጠበት መሆኑን ሳስብ ሁሌም ያስቀኛል። ነገሩ ግን ምክንያት አለው፤ ዝጎ የጨረሰ ብረት ከዚያ ወዲያ የሚሆነው ነገር የለም። ፀሐይ አያደበዝዘውም፤ እንደ አንዳንድ የፋብሪካ ቀያይ ቀለሞች ገና ያልደረቀ ሲሚንቶ ውስጥ ያለው ኖራም አይበላውም። ሊሾው 30 ዓመት ተረግጦም ቀይ የሆነው ለዚህ ነው።

ቀለሙ የሚሞቀው ወይም የሚጠቁረው በቅንጣቱ መጠን ነው። ሄማታይት እጅግ ሲልም ወደ ብርቱካን ያደላል፤ ቅንጣቱ ሻከር ሲል ወደ ወይን ጠጅ ይጠቁራል። ቢጫ አፈርም ወደዚሁ ቤተሰብ መግባት ይችላል። ቢጫ የሚያደርገው ማዕድን ውሃ የያዘ የብረት ኦክሳይድ ነውና ከ250 እስከ 300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሞቅ ውሃውን ለቆ ይቀላል። ሸክላ ሠሪ ስትተኩስ የምታየው የመልክ ለውጥ ብዙው ይኸው ነው። የጣሊያኗ ሲዬና ስሟን የሰጠችው ቢጫ ቡናማ አፈርም ተቃጥሎ ነው ሠዓሊዎች የሚወዱትን ሞቅ ያለ ቀይ ቡኒ የሚሆነው።

ወደዚህ ቀለም ያመጣኝ ግን ካታሎግ አይደለም፤ ሐረር ናት።

ወደ ሐረር የሄድኩት በድሬዳዋ በኩል ነበር። ከድሬዳዋ ወጣ ብሎ ፖርክ ኤፒክ የሚባል ዋሻ አለ፤ ውስጡ ተቆፍሮ ከ4,000 በላይ የቀይና የቢጫ አፈር ድንጋዮች ተገኝተዋል፤ አንድ ላይ ሲመዘኑ 40 ኪሎ ግራም ያህል። የዛሬ 40,000 ዓመት ገደማ የነበሩ ሰዎች ናቸው ለቅመው ያመጧቸው፤ የሚፈጩባቸው ድንጋዮችም የቀለም እድፋቸውን እንደያዙ አብረው ተገኝተዋል። ከዋሻው እስከ ሐረር 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። ሽቅብ የሚወጣውን ጠመዝማዛ መንገድ ይዤ ስሄድ፣ በዚህ አካባቢ ቀይ አፈር ፈጭቶ መቀባት የቆየ ሙያ ነው እያልኩ ነበር።

ጀጎል በሚባለው የሐረር ግንብ ውስጥ ያረፍኩበት ቤት ከውጭ ሲታይ ምንም አይነግርም፤ ረጅም የድንጋይ አጥርና ጠባብ በር ነው። ግቢውን አልፌ ጫማዬን ደጃፉ ላይ አውልቄ ስገባ ግን ቆም አልኩ። ሐረሪዎች ግዲር ጋር፣ ትልቁ ቤት ማለት ነው፣ የሚሉት ክፍል ወንበር የለውም። ወለሉ ራሱ በደረጃ እየተነሣ መቀመጫ ይሆናል፤ እነዚህ መደቦች ነደባ ይባላሉ፣ ባህሉን የጠበቀ ቤት አምስት አለው። ከፍታቸውም ቦታቸውም ይለያያል፤ ማን የት እንደሚቀመጥ የሚወስነው ይኸው ነው። ለከበረው ሰው አሚር ነደባ፣ ለእንግዳው ግዲር ነደባ፣ አነስ ያለው ደግሞ ጢት ነደባ ይባላል። የት ልቀመጥ ብዬ ቆሜ ሳመነታ የቤቱ እመቤት፣ ነጠላቸውን እያስተካከሉ፣ «እዚህ፣ ልጄ፣ እንግዳ አይደለሽ?» ብለው በእጃቸው አመለከቱኝ።

ወለሉና የነደባዎቹ ጠርዝ ሁሉ ዳማ ነው። በእግሬ ነካሁት፤ ቀዝቃዛና ልስልስ ነበር። ጥግ ጥጉ ላይ ብሩሹ ደጋግሞ ያለፈበት ቦታ ወፍሯል፤ ሰው ተነሥቶ የሚቀመጥበት ጠርዝ ደግሞ ሳስቶ ከሥሩ የአምና ቀለም ይታያል፣ ከአምናው ሥር የካቻምናው። ጥንት ቀይ አፈር በውሃ በጥብጠው ነበር የሚቀቡት፤ ዛሬ በብዙ ቤት የቆርቆሮ ቀለም ተክቶታል። መልኩን ግን አልለወጡትም። ቀለሙ ከከተማው አፍ የማይጠፋ ታሪክ አለው። በ1879 ዓ.ም. ጨለንቆ ላይ የሐረሩ አሚር አብዱላሂ ጦር በያኔው የሸዋ ንጉሥ በምኒልክ ጦር ተሸነፈ፤ ወለሉ የሚቀላው እዚያ ለፈሰሰው ደም መታሰቢያ ነው ይባላል። ይህን ከሰሙ በኋላ ወለሉን እንደ ማስጌጫ ብቻ ማየት ይቸግራል። ከሸዋ ለመጣ ሰው ይልቁንም ይቸግራል፤ እግሬን ሰብሰብ አድርጌ ነበር የተቀመጥኩት።

ቀና ስል ሌላ ነገር ታየኝ። ከነደባዎቹ በላይ ግድግዳው ነጭ ነው። ነጩ ላይ ደግሞ ከላይ እስከ ታች ስፌት ተሰቅሏል፤ ሐረሪ ሴቶች የሚሰፉት ክብ ሞሰብ፣ ሰፌድ፣ የሣሩ ወርቃማ መልክ ከቀይና ከአረንጓዴ ጋር። በሩ ክፍት ነው፤ የግቢው ፀሐይ ቀዩ ወለል ላይ ያርፋል፣ ከዚያ ተነሥቶ ነጩን ግድግዳ ከታች ወደ ላይ ያሞቀዋል። ማንም መብራት አላበራም፤ የሁላችንም ፊት ግን ምድጃ ዳር የተቀመጥን ይመስል ነበር።

ይህን አይቼ አዲስ አበባ ስመለስ ምን ባደርግ ጥሩ ነው? አራቱንም የሳሎን ግድግዳ ዳማ አስቀባሁ።

ቀቢው የበር ቀለም ነው ብሎ ቢጠራጠርም ሥራውን አላበላሸም። የጎደጎደውን በስቱኮ ሞልቶ፣ በብርጭቆ ወረቀት አሽቶ፣ ሦስት እጅ ቀባ። ዳማን ነጭ ላይ የሚቀባ ሰው አንድም ሁለትም እጅ ቀብቶ ደረሰልኝ እንዳይል፤ ነጩ በየሮለሩ መስመር መካከል ብቅ እያለ ይሳለቃል። ከሥር ግራጫ ወይም ፈዘዝ ያለ ቡኒ ቢቀደም አንድ እጅ ያተርፋል፤ ይህን የሰማሁት ከጨረስን በኋላ ነው። ቀን ላይ ከፋም አይባል። ማታ መብራት ሲበራ ግን ክፍሉ ተለወጠ። ቀለሙ ሞተ። ልትጠይቀኝ የመጣችው እህቴ ከበሩ ሳታልፍ፣ «ምነው ቤትሽ ጉበት መሰለ?» አለችኝ።

ሁለት ነገር ተሳስቼ ነበር። አንዱ አምፖሉ ነው። ይህ ቀለም ሰማያዊና አረንጓዴ ብርሃን ውጦ ቀዩን ነው የሚመልሰው። ሱቆቻችንን የሞላው ነጭ ኤልኢዲ፣ ካርቶኑ ላይ 6500 ኬልቪን ተብሎ የሚጻፍበት፣ ሰማያዊው በዝቶ ቀዩ ያንስበታል፤ ስለዚህ ዳማው የሚመልሰው ነገር ያጣና ቡናማ ጭቃ ይሆናል። 2700 ወይም 3000 ኬልቪን የሚል፣ ወደ ቢጫ የሚያደላ አምፖል ሲተካበት ያው ግድግዳ ነፍስ ይዘራል። ቀለም ልትለውጡ ያሰባችሁ ሰዎች መጀመሪያ አምፖል ለውጡ እላለሁ፤ ዋጋው ከአንድ ኪሎ ቀለም በታች ነው።

ሁለተኛው የባሰ ነው፤ ሐረር ላይ ያየሁትን ገልብጬ ነበር የሠራሁት። ነጭ ግድግዳ ካረፈበት ብርሃን 80 ከመቶውን ያህል ይመልሳል። ጥልቅ ዳማ የሚመልሰው ከ10 እስከ 15 ከመቶ ቢሆን ነው። በግቢ ፀሐይ የሚጥለቀለቅ ቤት ወለሉን ዳማ ቢያደርግ ነጩ ግድግዳ ያካክስለታል። የኔ ኮንዶሚኒየም ሳሎን ያለው አንድ መስኮት ነው፤ እሱም ትይዩው ያለው ሕንፃ ጀርባ ላይ ነው የሚከፈተው። አራቱ ግድግዳ ብርሃኑን ሲውጥ የሚመልስ አልቀረም። ሶፋውም ያው ቡኒ ነበር። ዛሬ ዛሬ የሚወደደውን ባለ ቀይ ቡኒ አረቢያን መጅሊስ ገዝቶ ግድግዳውንም በዚያው መልክ የሚቀባ ሰው ካለ ከኔ ይማር።

ቀቢውን መልሼ ጠራሁት። ከወለሉ አንድ ሜትር ከፍ ብሎ ክር ዘረጋና በወረቀት ፕላስተር መስመሩን ያዘ፤ ከዚያ በላይ ያለውን ሁሉ የሸማ መልክ ባለው ነጭ ቀባው። ሸማ ያልኩት ሆን ብዬ ነው። በረዶ የመሰለው፣ ወደ ሰማያዊ የሚያደላው ነጭ ዳማን ያቆሽሸዋል፤ ከፈትል ነጠላ ጎን ሲሆን ግን ዳማው ይበስላል። ጠቆር ካለ ቀለም ላይ ነጭ ማንጣት ቀላል ሥራ አይደለም፤ አንዱን ቀን ሙሉ እያጉረመረመ፣ ዳማው በነጩ ውስጥ እንደ እድፍ ብቅ ባለ ቁጥር እየደገመ፣ አራተኛ እጅ ላይ ነው የተለያየነው። ከታች የቀረችው ዳማ የሶፋውን ጀርባ አልፋ፣ በበሩ ጎን ዞራ፣ መስኮቱ ሥር ትጨርሳለች። ወንበር የሚገጨውና የልጅ እጅ የሚደርሰው እዚያ ነው፤ እድፍም ትችላለች። ቀለሙ የማያብለጨልጭ ዓይነት ስለሆነ ጥፍር ሲጭረው ነጭ መስመር ይተዋል እንጂ የእጅ አሻራ አያሳይም፤ ልጅ ያለበት ቤት ትንሽ ወዝ ያለውን ቢመርጥ ይሻላል።

ከመስመሩ በላይ፣ ነጩ ላይ፣ ከሐረር የመጣች አንዲት ሰፌድ ሰቅያለሁ። አንድ ብቻ። የሐረሪዎቹን ያህል ልስቀል ብል ግድግዳውም ኪሴም አይችለውም።

ቀቢው ዕቃውን ሲሰበስብ ቆርቆሮዋን አንሥቶ ነቅነቅ አደረጋት። ሩብ ያህል ቀርቷታል።

«እትዬ፣ ይሄን የማይፈልጉት ከሆነ ልውሰደው?»

«ለበር አይሆንም እኮ፣ የግድግዳ ነው» አልኩት።

«ለበር አይደለም። እናቴ ቤት፣ አገር ቤት፣ መደብ አለን» አለና ክዳኗን በመዳፉ መትቶ ከደናት።