የቅርቡ ምርጫ ለምን ራቀ?

በሰሜን ወሎ የወልድያ፣ የመርሳና የሀብሩ ነዋሪ ለቀበሌውና ለወረዳው ምክር ቤት ለመጨረሻ ጊዜ ድምፅ የሰጠው በሚያዝያ 2005 ዓ.ም. ነው። ያን ጊዜ የአምስት ዓመት ልጅ የነበረ ዛሬ የመራጭነት ዕድሜ ላይ ደርሷል። ያኔ የተመረጡት ምክር ቤቶች ዘመናቸው አምስት ዓመት ስለነበር በ2010 ቦታውን ለአዲስ ተመራጭ መልቀቅ ነበረባቸው። በዚያው ዓመት የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የአካባቢ ምርጫውን በአንድ ዓመት አራዘመው። በ2011 ደግሞ ከአገራዊው ምርጫ ጋር ይካሄድ ተባለ። አገራዊው ምርጫ ራሱ በኮሮና ወረርሽኝ ሳቢያ ከ2012 ወደ 2013 ተሻገረ። ሰኔ 14 ቀን 2013 ድምፅ ሲሰጥ ግን ለመራጩ የቀረበው የፌዴራልና የክልል ምክር ቤት ወረቀት ብቻ ነበር። የቀበሌውና የወረዳው ምርጫ እንደገና ቀረ።

ስለ ምርጫ ስናወራ ዓይናችን ወደ አራት ኪሎና ወደ ባሕር ዳር ይሄዳል። መርሳ ላይ ላለ ሰው ግን መንግሥት ማለት በአብዛኛው ቀበሌ ነው። መታወቂያ የሚወጣው ከቀበሌ፣ የድጋፍ ደብዳቤ የሚጻፈው በቀበሌ፣ የድንበር ክርክር መጀመሪያ የሚሰማውም እዚያው ነው። ሴፍቲኔትን እንውሰድ። ፕሮግራሙ በ1997 ሲጀመር በወጣው አሠራር መሠረት ተጠቃሚውን የሚለየው የአካባቢው ኮሚቴ ነው፤ የስም ዝርዝሩ በነዋሪው ፊት ይነበባል፣ የቀበሌው ምክር ቤት ያጸድቀዋል። ስሜ ተዘለለ የሚል ሰውም አቤቱታውን ይዞ የሚሄደው እዚያው ቀበሌ ወደተቋቋመ ቅሬታ ሰሚ ነው። የአንድ ቤተሰብ ቀለብ የሚወሰነው በዚህ ሰንሰለት ውስጥ ሆኖ ሳለ፣ ዝርዝሩን የሚያጸድቀው ሰው በድምፅ የማይነሣ ከሆነ አቤቱታው ጉልበት አይኖረውም።

ሁለት ጌታ ያለው ቤት

ቀበሌ የተወለደው በ1967 ነው። የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 31 ቢያንስ 800 ሄክታር መሬት የሚሸፍኑ የገበሬ ማኅበራትን፣ አዋጅ ቁጥር 47 ደግሞ በከተማ የነዋሪዎች ማኅበራትን አቋቋመ። ማኅበራቱ የነዋሪው ናቸው ተባለ፤ ዋል አደር ሲል ግን ግብር የሚሰበስቡ፣ ለጦርነት የሚመለምሉ የመንግሥት እጆች ሆኑ። ቀበሌ ሕዝቡን ወደ ላይ ይወክላል ወይስ መንግሥትን ወደ ታች የሚለው ጥያቄ ከዚያ ጀምሮ አልተፈታም።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 50 ሕዝቡ በቀጥታ ይሳተፍ ዘንድ ለታችኛው የአስተዳደር እርከን በቂ ሥልጣን እንዲሰጥ ያዛል። የአማራ ክልል በ1994 ባሻሻለው ሕገ መንግሥትም ወረዳና ቀበሌ የየራሳቸው ምክር ቤት አላቸው። ከ1995 በጀት ዓመት ጀምሮ ደግሞ ክልሉ ለወረዳዎች ጥቅል ድጎማ መስጠት ጀመረ፤ ገንዘቡን ለትምህርት፣ ለጤና፣ ለግብርና የሚደለድለው የወረዳው ምክር ቤት ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ። በአማራ ክልል የተመረጠ ምክር ቤት ያላቸው እንደ አዊ፣ ዋግ ኽምራና ኦሮሞ ያሉ የብሔረሰብ ዞኖች ናቸው። ሰሜን ወሎ ዞን የክልሉ መንግሥት ቅርንጫፍ እንጂ የመራጭ ተቋም አይደለም። ስለዚህ በሀብሩ ቀበሌዎችና በባሕር ዳር መካከል በድምፅ የሚቆም አካል ቢኖር የወረዳው ምክር ቤት ብቻ ነው። እሱም ከ2005 ወዲህ አልታደሰም።

ሦስት ነጥብ ስድስት ሚሊዮን ወንበር

የቀደሙት የአካባቢ ምርጫዎችም ቢሆኑ ብርቱ ፉክክር የታየባቸው አልነበሩም። ከምርጫ 97 በኋላ የቀበሌ ምክር ቤት ከጥቂት አባላት ተነሥቶ ከ100 እስከ 300 ሰው የሚይዝ ሆነ። በሚያዝያ 2000 በተካሄደው ምርጫ በመላው አገሪቱ የተከፈተው ወንበር 3.6 ሚሊዮን ገደማ ደርሶ ነበር። የሕዝብ ተሳትፎን ማስፋት ነው ተባለ። ይሁንና አንድ ተቃዋሚ ፓርቲ አንዲት ቀበሌ ለማሸነፍ ብቻ ከመቶ በላይ ሰው አሳምኖ ማስመዝገብ ነበረበት። ይህን የሚችለው እስከ ጎጥና እስከ ልማት ቡድን የተዘረጋ መዋቅር ያለው ገዢ ፓርቲ ነው። ወንበሩ በበዛ ቁጥር ተፎካካሪው አነሰ። በ2005 ደግሞ ሠላሳ ሦስት ፓርቲዎች በአንድነት ከምርጫው ራሳቸውን አገለሉ፤ በእነዚህ ወረዳዎች ሜዳው ለገዢው ፓርቲ ለብአዴን ተለቀቀ።

የከተማ ዳር ሰው የማን ነው?

ችግሩ ጎልቶ የሚታየው በወልድያ ዙሪያ ነው። ወልድያ የራሷ ከተማ አስተዳደር አላት፤ ዙሪያዋን የከበባት ጉባ ላፍቶ ወረዳ ነው። የወረዳው መቀመጫ ግን ያው ወልድያ ነው። ከተማዋ በአዲስ አበባ–መቀሌ መንገድና ወደ ጋሸና በሚወጣው መንገድ መገናኛ ላይ እንደመሆኗ፣ በ2004 ዩኒቨርሲቲ ከተከፈተባት ወዲህ ወደ ጎን እየሰፋች ሄዳለች። በዳር ያለው አርሶ አደር ማሳው ወደ ከተማ ክልል ሲጠቃለል በአንድ ጊዜ ብዙ ነገር ይለወጥበታል፦ መሬቱ ከገጠር ይዞታ ወደ ሊዝ ሥርዓት ይገባል፣ ማሳው ከተወሰደበት ካሳው በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 ይሰላል፣ አስተዳዳሪውም ከወረዳ ወደ ከንቲባ ይዞራል። ካሳው አነሰኝ ቢል የትኛው ተወካይ ይቁምለት? የወረዳው ምክር ቤት ከእጁ ወጥቷል፤ የከተማው ምክር ቤት ሲመረጥ እሱ መራጭ አልነበረም። ሠላሳ ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ ደቡብ፣ የሀብሩ መቀመጫ በሆነችው በመርሳም ከተማው በገፋ ቁጥር ይኸው ጥያቄ ይከተላል።

በዚህ ላይ የሕዝብ ቆጠራ ጉዳይ አለ። የመጨረሻው ቆጠራ የ1999ኙ ነው። ያኔ ወልድያ 46 ሺህ ገደማ፣ ሀብሩ ከ190 ሺህ በላይ ሕዝብ ነበራቸው። የድጎማ ቀመሩ የሕዝብ ብዛትን ከመለኪያዎቹ እንደ አንዱ ስለሚወስድ፣ ሳይቆጠር የቀረ ሰው ሳይወከል ብቻ ሳይሆን ሳይደለደልለትም ይቀራል።

«መጀመሪያ ሰላም»

ለመዘግየቱ የሚሰጠው ምክንያት ሰላም ነው፤ ቀላል ምክንያትም አይደለም። ጥር 12 ቀን 2010 ወልድያ ላይ በቃና ዘገሊላ በዓል ሰዎች ተገደሉ፤ ቁጣው ወደ ቆቦና ወደ መርሳ ተዛመተ። ከ2013ቱ ምርጫ ሁለት ወር ሳይሞላ ወልድያ በሕወሓት ኃይሎች እጅ ገብታ እስከ ታኅሣሥ 2014 ቆየች። በሐምሌ 2015 ደግሞ በክልሉ በተቀሰቀሰ ውጊያ ሳቢያ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ ውጊያው ሀብሩንም አልማረም። መንገድ በተዘጋበት፣ ሰው ስሙን በመዝገብ ለማስፈር በሚፈራበት ቦታ ሣጥን ማስቀመጥ ምርጫ አያሰኝም።

ነገር ግን ሰላምን ብቻ መጠበቅም አንድ ነገር ይስታል። በ2010 የፈነዳው ቁጣ የመጣው ምክር ቤቶች ባሉበት ነበር፤ ሰው ግን ብሶቱን ይዞ የሄደው ወደ ምክር ቤት ሳይሆን ወደ አደባባይ ነው። የማይሰማ ምክር ቤት ሰላም አይጠብቅም።

የወሎ ሰው መምረጥም መሻርም የሚያውቅ ነው። የመረዳጃ ማኅበሩን፣ ቅሬውን፣ ይመልከቱ፦ ዳኛው በአባላት ይመረጣል፣ የገንዘቡን ገቢና ወጪ በጉባኤ ያስረዳል፣ ከሰነፈ ወይም ካጎደለ ይወርዳል። ቀበሌው የጎደለው ይህ ልማድ እንጂ የነዋሪው ንቃት አይደለም።

ስለዚህ ሲቻል የአካባቢ ምርጫውን ከአገራዊው ጅራት ፈቶ ለብቻው ማካሄድ ይገባል፤ ከአገራዊው ጋር በታሰረ ቁጥር መጀመሪያ የሚጣለው እሱ እንደሆነ አይተናል። የቀበሌ ምክር ቤት ቁጥር ይነስ፤ ሠላሳ ተወካዮቹን የሚያውቅ ነዋሪ ሦስት መቶውን አያውቅም። የግል ተወዳዳሪ በጎጡ ፊርማ ብቻ ይቅረብ። ጸጥታው በረጋባቸው ወረዳዎች ቀድሞ ተጀምሮ ሌሎቹ በየተራ ይከተሉ። እስከዚያው ደግሞ ዘመናቸው ያለፈ ምክር ቤቶች እስከ መቼ እንደሚቆዩ ቀኑ ተቆርጦ ይነገር፤ መውረጃ ቀኑን የማያውቅ ተወካይ ለወከለው ሰው መልስ የመስጠት ግዴታ አይሰማውም።