ስኳርን ከቤንዚን ጋር ያዛመደው ኅብረት

የስኳር ዋጋ ለምን እንደሚወጣና እንደሚወርድ ለማወቅ የሸንኮራውን ማሳ መመልከት ብቻውን አይበቃም፤ የነዳጅ ማደያውንም ማየት ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2023 ኒው ዴልሂ በተካሄደው የቡድን 20 ጉባኤ ላይ ሕንድ፣ ብራዚልና አሜሪካ የሚገኙበት ዓለም አቀፍ የባዮፊውል ኅብረት ተመሥርቷል። ዓላማውም ከዕፅዋት የሚገኝ ነዳጅን ማስፋፋት ነው።

ነገሩ ነጋዴውን የሚነካው እዚህ ላይ ነው። የብራዚል ፋብሪካዎች ከአንድ ሸንኮራ ስኳርም ኢታኖልም ስለሚያወጡ የሚያዋጣቸውን ይመርጣሉ። ነዳጅ ሲወደድ ወደ ኢታኖል ያደላሉ፤ ለገበያ የሚቀርበው ስኳር ያንስና ዋጋው ይወጣል። ብራዚል በኦገስት 2025 በቤንዚን ውስጥ የሚቀላቀለውን ኢታኖል ከ27 ወደ 30 በመቶ አሳድጋለች።

በአንጻሩ ሕንድ የዝናብ እጥረት ሲገጥማት በዲሴምበር 2023 ከሸንኮራ ጭማቂ በሚመረት ኢታኖል ላይ ገደብ ጥላ፣ በ2024 አንስታዋለች። ኅብረቱ ቢኖርም፣ ሸንኮራ ሲጎድል እያንዳንዱ መንግሥት የሚያስቀድመው የራሱን ገበያ ነው።

ኢትዮጵያም በ2008 በአዲስ አበባ ቤንዚን ላይ 5 በመቶ ኢታኖል መቀላቀል ጀምራ ነበር። ዛሬም ስኳር ከውጭ የምትገዛ እንደመሆኗ፣ አስመጪው ውል ከመፈረሙ በፊት የድፍድፍ ዘይትን ዋጋ ቢያይ ይበጀዋል።