በ5 አምፔር የሚኖር ቤት

ቤይሩት ውስጥ መብራት በአምፔር ይገዛል። የመንግሥቱ የኤሌክትሪክ ድርጅት በቀን ጥቂት ሰዓት ብቻ ስለሚሰጥ በየሰፈሩ ጀነሬተር ተክለው የሚሸጡ ነጋዴዎች አሉ፤ ነዋሪው በየወሩ እየከፈላቸው «ኢሽቲራክ» የሚባለውን መስመር ወደ ቤቱ ያስገባል። አቅም ያለው 10 አምፔር ወይም ከዚያ በላይ ይገዛል፤ አቅም ያጠረው በ5 ይኖራል። 5 አምፔር በ220 ቮልት ሲባዛ 1,100 ዋት ነው። ፍሪጅ እየሠራ አየር ማቀዝቀዣ የነካ ሰው ብሬከሩ ይወርድበታል። ቤይሩት በቤት ሠራተኝነት የሠሩ እህቶቻችን ይህን ሂሳብ ከማንም በላይ ያውቁታል፤ ካውያ ከመሰካቱ በፊት ምን መጥፋት እንዳለበት የሚያስቡት፣ ብሬከሩ ሲወርድም በጨለማ ዳብሰው የሚያነሱት እነሱ ናቸውና።

ይህች 5 አምፔር ለአንድ ሕንፃ ትልቅ ፈተና ናት። በደንብ የተነደፈ ቤት በእሷ ብቻ ቤተሰብ በደህና ያኖራል። ሳይታሰብበት የተሠራ ቤት 20 አምፔር ቢሰጡትም አይበቃውም። ልዩነቱን የሚያመጡት ግድግዳው፣ መስኮቱና ጣሪያው ናቸው፤ የእነሱ ነገር ደግሞ የሚወሰነው መሠረት ከመቆፈሩ በፊት፣ ገና ፕላኑ ሲነደፍ ነው።

ወደብ ዳር ያለው ሰፈር

ነገሩን በአንድ ሰፈር እንየው። ካራንቲና ከቤይሩት ወደብ በስተ ምሥራቅ፣ የቤይሩት ወንዝ ባሕር በሚገባበት ቦታ ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ፣ በግብፁ ኢብራሂም ፓሻ ዘመን፣ በመርከብ የሚመጡ መንገደኞች በሽታ እንዳያስገቡ ተለይተው የሚቆዩበት ጣቢያ (ኳራንቲን) ተሠራበት፤ የሰፈሩም ስም ከዚያ መጣ። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የአርመን ስደተኞች፣ ከ1948 ወዲህ ደግሞ ፍልስጤማውያን ሰፈሩበት። በ1976 መጀመሪያ በእርስ በርሱ ጦርነት ብዙ ነዋሪዎቹ ተጨፈጨፉ። ወንዙን ተሻግሮ ቡርጅ ሐሙድ፣ ከዚያም ዶራ አሉ፤ እሑድ እሑድ የቤይሩት ኢትዮጵያውያን ተገናኝተው እንጀራ የሚበሉት፣ ወደ አገር ቤትም ገንዘብ የሚልኩት እዚያ ነው።

ሐምሌ 28 ቀን 2012 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኦገስት 4 ቀን 2020) ከምሽቱ 12 ሰዓት አለፍ ሲል፣ ወደቡ ላይ 2,750 ቶን አሞኒየም ናይትሬት ተከማችቶበት የነበረ መጋዘን ፈነዳ። ከ200 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ከእነሱ መካከል ከካራንቲና ጣቢያቸው ተነሥተው እሳቱን ሊያጠፉ የሄዱ 10 የእሳት አደጋ ባልደረቦች ይገኙበታል። 300,000 ያህል ሰው መኖሪያውን አጣ። ከተጎዱት መካከል ኢትዮጵያውያንም ነበሩ። ካራንቲና ውስጥ መስኮትና በር ያልረገፈበት ቤት ማግኘት አስቸጋሪ ሆነ፤ የሰፈሩ መንግሥታዊ ሆስፒታልም ክፉኛ ፈራረሰ። ከቆሰሉት ብዙዎቹን የቆራረጣቸው መስታወት ነው።

እንዲህ ያለ ጥፋት ከደረሰ በኋላ የሚገባ መስኮት የአንድ ክረምት ዝናብ ማስቆሚያ ብቻ አይሆንም። ያ መስኮት የቤቱን ሙቀትና የመብራት ወጪ ለ30 ዓመት ይወስናል። ስለዚህ መልሶ ግንባታን የጀመረ ሰው ከመስታወቱ መጀመር አለበት።

አራት ካሬ ሜትር መስታወት

ቤይሩት በነሐሴ ወር ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ፣ ወደ ምዕራብ በዞረ ግድግዳ እያንዳንዱ ካሬ ሜትር ላይ 600 ዋት ገደማ የፀሐይ ጨረር ያርፋል። ጥርት ያለ ነጠላ መስታወት ከዚህ ውስጥ 80 በመቶ ያህሉን ያሳልፋል። እንግዲህ 4 ካሬ ሜትር ስፋት ያለው መስኮት ወደ 1,900 ዋት የሚጠጋ ሙቀት ወደ ክፍሉ ይለቃል ማለት ነው። ሁለት የኤሌክትሪክ ምድጃ ለኩሶ ሳሎን መሃል ከማስቀመጥ አይለይም። የ5 አምፔሩ ባለቤት ይህን ሙቀት በማሽን አስወጣለሁ ቢል ያለውን ኃይል ግማሽ ያህል ለአንድ መስኮት ይገብራል።

ብዙዎቻችን ፀሐይ ሲበረታ ከውስጥ መጋረጃ እንዘጋለን። ነገር ግን ጨረሩ አንዴ መስታወቱን ካለፈ መጋረጃውን ራሱን ያግለዋል፤ የጋለው መጋረጃ የሚያወጣው ሙቀት ደግሞ ዓይነቱ ስለሚለይ መስታወቱ መልሶ አያሳልፈውም። ሙቀቱ እዚያው ታፍኖ ይቀራል። ስለዚህ ፀሐይን መመከት የሚገባው ከመስታወቱ ውጪ ነው። የድሮ ቤይሩቶች ይህን አሳምረው ያውቁ ነበር፤ «አባጁር» የሚሉት ባለ ክፍክፍ የእንጨት መዝጊያ ነፋሱን እያስገባ ጨረሩን ውጪ ያስቀራል። ዛሬም በከተማዋ በረንዳዎች ላይ የሚንጠለጠለው ወፍራም የሸራ መጋረጃ ሥራው ይኸው ነው። በረንዳውን በመስታወት የዘጋ ቤተሰብ አንድ ክፍል ያተረፈ ይመስለዋል፤ ያጣው ግን የቤቱን ዋና ጥላ ነው።

የጥላ ሒሳብ ቀላል ነው። ቤይሩት ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 34 ዲግሪ ላይ ናት። በሰኔ አጋማሽ ቀትር ላይ ፀሐይ ከአድማስ 79 ዲግሪ ከፍ ትላለች፤ በታኅሣሥ ግን ከ33 አትበልጥም። በደቡብ በኩል ካለ መስኮት በላይ 60 ሴንቲ ሜትር ብቻ ወደ ውጪ የወጣ የኮንክሪት ከንፈር በሰኔ ቀትር 3 ሜትር ያህል ጥላ ወደ ታች ይጥላል፤ መስኮቱ ሙሉ በሙሉ ይሸፈናል። በታኅሣሥ ጥላው 40 ሴንቲ ሜትር እንኳ ስለማይሞላ ፀሐዩ ገብቶ ቤቱን ያሞቃል። ያለ ሞተር፣ ያለ ቁልፍ፣ በበጋ የሚዘጋ በክረምት የሚከፈት መከላከያ ማለት ይህ ነው። በምዕራብና በምሥራቅ በኩል ግን ፀሐይ ዝቅ ብላ ስለምትመጣ ይህ ከንፈር አያድንም፤ እዚያ መስኮቱን ማሳነስ፣ አለዚያም አባጁር ወይም ሸራ ማድረግ ይሻላል።

ድርብ መስታወትስ? በሙቀት ልዩነት የሚያልፈውን በግማሽ ያህል ይቀንሳል፤ በቀጥታ የሚገባውን ጨረር ግን ብቻውን አያቆመውም። ስለዚህ መጀመሪያ ጥላ፣ ቀጥሎ ድርብ መስታወት። ለካራንቲና ደግሞ አንድ ነገር ይጨመራል፦ በመሃሉ ፕላስቲክ የተነባበረበት መስታወት ቢሰበር እንኳ ስባሪው ከፕላስቲኩ ጋር ተጣብቆ ይቀራል እንጂ ሰው ላይ አይረጭም።

ግድግዳ፣ ነፋስና ጎረቤት

ከካራንቲና አቅራቢያ ባሉት በጀማይዜህና በማር ሚካኤል ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የተሠሩ ቤቶች አሉ። መሃል ላይ ሰፊ አዳራሽ፣ ፊት ለፊት ሦስት ቅስት ያለው መስኮት፣ ወፍራም የአሸዋ ድንጋይ ግድግዳ፣ ከፍ ያለ ኮርኒስ፣ ከላይ ቀይ የሸክላ ጣሪያ አላቸው። ሙቅ አየር ወደ ላይ ይወጣል፤ ከባሕር የሚነፍሰው አየር በቅስቶቹ ገብቶ አዳራሹን አቋርጦ በጀርባ በኩል ይወጣል። ወፍራሙ ድንጋይ የቀትሩን ሙቀት ቶሎ ወደ ውስጥ አያሳልፍም።

ዛሬ የሚሠራው ግን በአብዛኛው በብሎኬት ነው። 20 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ባዶ ብሎኬት በውጪና በውስጥ መካከል ባለ በእያንዳንዱ ዲግሪ ልዩነት፣ በየካሬ ሜትሩ 2 ዋት ተኩል ያህል ሙቀት ያሳልፋል። በውጪ በኩል 5 ሴንቲ ሜትር ሙቀት መከላከያ ቢለጠፍበትና ቢለሰን ወደ 0.6 ዋት ይወርዳል። ግድግዳው አራት እጥፍ ያህል በረታ ማለት ነው፤ ፎቁ ሳይፈርስ፣ አዲስ ሲሚንቶ ሳይፈስ። ሲሚንቶን ማዳን ራሱ ትልቅ ነገር ነው፤ በዓለም ላይ ከሚለቀቀው ካርቦን ዳይኦክሳይድ 8 በመቶ ያህሉ ከሲሚንቶ ሥራ የሚመጣ ነው። በፍንዳታው ተንገዳግዶ የቆመን ግድግዳ ጠግኖ ማኖር አፍርሶ አዲስ ከማቆም የሚመረጥበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ግድግዳ ብቻውን ግን አይበቃም። የቤይሩት የበጋ ሌሊት እርጥብና ሞቃት ስለሆነ ድንጋዩ ቀን የያዘውን ሙቀት ሌሊት ሙሉ በሙሉ አያራግፍም። እዚህ ላይ የአየር እንቅስቃሴ ያስፈልጋል። 60 ዋት የሚበላ ቬንትሌተር ላብን ስለሚያደርቅ ክፍሉ በ3 ዲግሪ ያህል የቀዘቀዘ ያህል ይሰማል፤ ተራ አየር ማቀዝቀዣ ከሚበላው ከ15 እጅ አንዱን ቢወስድ ነው።

የካራንቲና ሰው ግን መስኮቱን ሲከፍት ምን ይገባል? ሰፈሩ ለረጅም ዓመታት የከተማዋን ቄራና የቆሻሻ መለያ ጣቢያ ተሸክሞ ኖሯል፤ ከወንዙ ማዶ በባሕሩ ዳር የቡርጅ ሐሙድ የቆሻሻ ክምር አለ፤ በየመንገዱ የናፍጣ ጀነሬተር ያጨሳል። ንጹሕ ነፋስ የሌለበት ሰፈር ውስጥ አርክቴክቱ የቱንም ያህል መስኮት ቢያበዛ ነዋሪው ይዘጋዋል፤ ዘግቶም ማሽን ያበራል፤ ማሽኑ ጀነሬተር ያስነሣል፤ ጀነሬተሩ አየሩን ያከፋዋል። ኃይል ቆጣቢ ቤት የሚጀምረው ከግቢው ውጪ ነው የምለው ለዚህ ነው። ቆሻሻን በአግባቡ የማያነሣ ከተማ የመብራት ሂሳብን ይጨምራል።

ጣሪያው

እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2021 ሁለቱ ትልልቅ የሊባኖስ የኃይል ማመንጫዎች፣ ዴር አማርና ዛህራኒ፣ ነዳጅ አልቆባቸው አገሪቱ በሙሉ ጨለመች። ሕዝቡ ፊቱን ወደ ፀሐይ አዞረ። በ2020 ወደ 100 ሜጋ ዋት ገደማ የነበረው የሶላር አቅም በሦስት ዓመት ውስጥ 1,000 ሜጋ ዋት ገደማ ደረሰ፤ አብዛኛው ግለሰቦች ከኪሳቸው አውጥተው ጣሪያቸው ላይ የተከሉት ነው። ከዚያ ቀደም ብሎ፣ በ2015፣ ካራንቲና አጠገብ ባሕር በሚገባው በዚያው የቤይሩት ወንዝ ቦይ ላይ 1 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ የሶላር ተከላ ተዘርግቷል።

ሆኖም ጣሪያ ወሰን አለው። 16 ቤተሰብ የሚኖርበትን ባለ 8 ፎቅ ሕንፃ እናስብ። ከጣሪያው የውሃ ሮቶዎቹና የደረጃው ቤት የያዙት ተቀንሶ 160 ካሬ ሜትር ቢተርፍ ለአንድ ቤተሰብ 10 ካሬ ሜትር፣ ማለትም 3 ትልልቅ ፓነል ይደርሰዋል። ከዚህ በቀን በአማካይ 6 ወይም 7 ኪሎ ዋት ሰዓት ይገኛል። ለሚያባክን ቤት ይህ ምንም ነው፤ ለቆጣቢ ቤት ግን ኑሮ ነው። ስለዚህ ገንዘቡ አስቀድሞ ወደ ጥላና ወደ ግድግዳ፣ ቀጥሎ ወደ ሶላር ይሂድ። ፓነል ያልሸፈነውን የጣሪያ ክፍል ነጭ መቀባት ደግሞ ርካሹ ሥራ ነው፤ ጥቁር ጣሪያ የሚያርፍበትን ጨረር ከሞላ ጎደል ሲውጥ፣ አዲስ ነጭ ቀለም ሦስት አራተኛውን ያህል ይመልሳል።

አሁን 5 አምፔራችንን እናስላ። ፍሪጅ 150 ዋት፣ ሦስት ቬንትሌተር 180፣ ስምንት የኤልኢዲ አምፖል 72፣ ቴሌቪዥን 100፣ የኢንተርኔት ራውተር 15። ድምሩ 517 ዋት። ውሃው ጣሪያ ላይ ባለ የፀሐይ ማሞቂያ ይሞቅ። ክፍሉ ጥላና መከላከያ ካለው ኢንቨርተር ያለው አየር ማቀዝቀዣ በ450 ዋት ገደማ ሊያቀዘቅዘው ይችላል። ሁሉም ተደምሮ 967 ዋት፤ ብሬከሩ አይወርድም።

የመጨረሻዋ ክፍል

ይህ ሁሉ ስሌት የሚፈተነው በሳሎኑ አይደለም። በቤይሩት አፓርትመንት ፕላን ላይ ብዙ ጊዜ ከኩሽናው ጎን አንዲት ጠባብ ክፍል ትገኛለች፤ የሠራተኛ ክፍል ናት። ይህች ክፍል በሌለችበት ቤት እህቶቻችን ኩሽና ውስጥ ወይም በመስታወት በተዘጋ በረንዳ ላይ ያድራሉ። አየር ማቀዝቀዣው ያለው በሳሎኑና በመኝታ ክፍሎቹ ነው፤ ኢሽቲራኩ ሲያንስ መጀመሪያ መብራት የሚጠፋባት ደግሞ ሠራተኛዋ ናት። የአንድ ሕንፃ የኃይል ቁጠባ የተገኘው በአንዲት ሴት ላብና እንቅልፍ ማጣት ከሆነ ቁጠባ ሊባል አይገባውም። ጥላ፣ ነፋስና መከላከያ ግድግዳ ግን ሰው አይመርጡም፤ በትክክል ከተሠሩ እንግዳ መቀበያውን እንዳቀዘቀዙ ትንሿንም ክፍል ያቀዘቅዛሉ። ንድፍ ከማሽን የሚበልጥበት ትልቁ ነገር በእኔ ዘንድ ይህ ነው።

ለእኛ ቤት

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስላለች በተፈጥሮዋ አየር ማቀዝቀዣ የማትፈልግ ከተማ ናት። ግን ከላይ እስከ ታች መስታወት የለበሱ ሕንፃዎችን እያቆምን ያልነበረንን ሙቀት በገዛ ገንዘባችን እየገዛን ነው። ሌላ መንገድ እንዳለ ያሳዩ ሰዎች ግን ነበሩ፤ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ሕንፃ ተቋም፣ በኢአቢሲ ግቢ፣ ከስዊሱ ኢቲኤች ዙሪክ ጋር በመተባበር እ.ኤ.አ. በ2010 እና በ2011 «ሱዱ» የተባለ ባለ አንድ ፎቅ ቤት በአገር አፈር ተሠርቷል። ለሁመራ፣ ለመተማና ለሰመራ ደግሞ የቤይሩት ትምህርት ይበልጥ ይጠቅማል፤ እዚያ ባዶ ቆርቆሮ ሥር መዋል ምን እንደሆነ የዋለበት ያውቀዋል።

ከቤይሩት፣ ከዱባይ ወይም ከሌላ አገር ብር እየላካችሁ ቤት የምታሠሩ ወገኖቼ፣ ያ ብር በስንት ላብ እንደተገኘ እናንተ ታውቃላችሁ። ስለዚህ መሐንዲሱን አምስት ነገር ጠይቁት። ትልልቆቹ መስኮቶች ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ ዞረዋል ወይ? ከመስታወቱ ውጪ ምን ጥላ አለ? በአንድ በኩል የገባ ነፋስ በየት በኩል ይወጣል? በቆርቆሮውና በኮርኒሱ መካከል አየር የሚመላለስበት ክፍተት ወይም ሙቀት መከላከያ አለ ወይ? የቤት ሠራተኛዋ ክፍል መስኮት አላት ወይ? መልሱን በፕላኑ ላይ በዓይናችሁ ሳታዩ መሠረት አታስቆፍሩ።